የብስክሌት ማርሽ መቀየሪያ ሲሰበር በትንሽ ወጪ ራሳችን እንዴት እንሥራ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሳይክል ነው። “ደግሞ ይሄ ከየት መጣ?” ትሉ ይሆናል። እዚህ ቤይሩት ከማዳም ቤት ወጥተን፣ ክፍል ተከራይተን በሰዓት የምንሠራ ልጆች ግን ነገሩ ይገባናል። እኔ በሳምንት አራት ቤት አጸዳለሁ። ድሮ በሰርቪስ ታክሲ ስመላለስ፣ የታክሲው ሂሳብ የሚነሳው ለእናቴ ከምልከው ላይ ነበር። በ2021 ነዳጅ ጠፍቶ መኪናው ሁሉ ማደያ በር ላይ ሲሰለፍ፣ ታክሲውም ሲወደድ፣ ከእሁድ ገበያ አሮጌ ብስክሌት በ35 ዶላር ገዛሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ስለሆነ መንዳቱ አላስቸገረኝም።

ሦስት ወር ሳይሞላ መሪው ላይ ያለው የማርሽ መቀየሪያ ፕላስቲኩ ውስጡን ተሰበረ። ሽቦው ላላ፣ ካቴናው ትንሹ ጥርስ ላይ ወርዶ ቀረ። ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን አንድ እርምጃ አልሄድ አለ። ወደ አሽራፊዬ ስወጣ እየገፋሁት በእግሬ ሆነ። ሠሪ ጋ ብወስደው 30 ዶላር አለኝ። ብስክሌቱን የገዛሁበትን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረውም እኮ! ተመልሼ መጣሁና ራሴ ሠራሁት። አንዴ ተሳስቼ ወድቄበታለሁ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ማርሽ እንዴት ነው የሚሠራው?

የኋላው ጎማ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ ጥርሶች አሉ። ትንሹ ይከብዳል ግን ያፈጥናል፤ ትልቁ ይቀላል፣ ለዳገት ነው። ከጥርሶቹ ሥር የተንጠለጠለው ክንድ ካቴናውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። ክንዱ ውስጥ ሞላ አለ። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ሞላው ወደ ትንሹ ጥርስ ይገፋል፣ ሽቦው ሲሳብ ደግሞ ወደ ትልቁ ይወጣል። ሽቦው ሲላላ ብስክሌቱ የሚከብደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመቀየሪያው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፦ ሽቦውን መሳብና እንዳይመለስ መያዝ። “ቀጭ” የሚለው ነገር ያለው መቀየሪያው ውስጥ እንጂ ክንዱ ላይ አይደለም። የሺማኖ ቀጭ የሚለው መቀየሪያ በ1984 በፈረንጅ ወጥቶ ከመስፋፋቱ በፊት፣ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ የሚቀይሩት ጠበቅ ብሎ በመያዝ ብቻ በሚቆም ዘንግ ነበር። እኛም የምንሠራው ያንኑ ነው።

አንደኛ መንገድ፦ ምንም የማያስወጣ

ክንዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ኤች እና ኤል የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች አሉ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ፣ ኤች የሚለውን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ካቴናው ወደ ሁለተኛው፣ አንዳንዴም ወደ ሦስተኛው ጥርስ ይወጣል። ክንዱ ልክ ከጥርሱ ሥር ቀጥ ሲል አቁሙ። ያላችሁ አንድ ማርሽ ብቻ ነው፣ ግን ከመግፋት ያድናል።

ሁለተኛ መንገድ፦ ሽብልቅ እንጨት

ብስክሌታችሁ ላይ ሽቦው ያለ ላስቲክ ሽፋን ራቁቱን በብረቱ ላይ የሚሄድበት ቦታ ካለ ይህን ሞክሩ። መጀመሪያ የሽቦውን የላይኛ ጫፍ የውሃ መያዣ በሚታሰርበት ብሎን ዙሪያ ጠምጥማችሁ በሮንዴላ አጥብቁት። ከዚያ በሽቦውና በብረቱ መሃል እንጨት አስገቡ። ሽቦው ወደ ጎን ሲገፋ ይሳባል። 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ መሃሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብትገፉት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሳባል። በተለመደው ባለ 7 ጥርስ ብስክሌት አንድ ማርሽ ለመቀየር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚበቃ፣ ሦስት ማርሽ አቀለላችሁ ማለት ነው። እንጨቱን እንዳይወድቅ በካላማዳሪ ቁራጭ እሰሩት። ዳገት ሥር ቆማችሁ ታስገባላችሁ፣ ከላይ ስትደርሱ ታወጣላችሁ።

ሦስተኛ መንገድ፦ እየነዱ የሚቀይሩት ዘንግ

እኔ አሁን የምነዳው በዚህ ነው። የሚያስፈልገው፦

- ማዳም ልትጥለው የነበረ የፕላስቲክ መክተፊያ (ዘንጉ ከሱ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ በእንጨት ሠርቼ ተሰነጠቀብኝ)
- 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት
- በብረቱ ቀዳዳ የሚያልፍ 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን፣ አንድ ተራ ዳዶ፣ አንድ ደግሞ ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ
- ሦስት ሮንዴላና የካላማዳሪ ቁራጭ
- ሁለት ፋሼታ፣ የጋዝ ጎማ የሚታሰርበት ቀለበት ማለቴ ነው፤ የብስክሌቱን ብረት የሚዞር ትልቅ ይሁን

ለሁሉም ያወጣሁት 3 ዶላር አይሞላም።

1. ከመክተፊያው 9 በ2 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ጫፉ አካባቢ ለብሎኑ አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ለሽቦው ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። መሰርሰሪያ ከሌለ የጋለ ሚስማር ይበቃል። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም።
2. ብሎኑን በጠፍጣፋው ብረት መሃል ቀዳዳ ከጀርባ አስገቡና በተራው ዳዶ አጥብቁት፣ እንዳይዞር።
3. ጠፍጣፋውን ብረት ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ብረት ጎን ላይ፣ የብሎኑ ጭራ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከሁለቱ ጫፎች ሥር የታጠፈ ካላማዳሪ ጎዝጉዙና በፋሼታ እሰሩ። ሽቦው በላይኛው ብረት የሚሄድ ከሆነ እዚያው ላይ እሰሩት።
4. ብሎኑ ላይ በተራ፦ ሮንዴላ፣ ላስቲክ፣ ዘንጉ፣ ላስቲክ፣ ሮንዴላ፣ መጨረሻ ላይ የናይለኑ ዳዶ። ዘንጉ በእጅ የሚንቀሳቀስ፣ ሲለቁት ግን ባለበት የሚቆም እስኪሆን አጥብቁ።
5. ሽቦውን ከተሰበረው መቀየሪያ አውጡ። ጫፉ ላይ ያለችው ድብልብል ጭንቅላት ነው የምትይዘው። በሦስተኛው ሮንዴላ፣ ቀጥሎ በዘንጉ ትንሽ ቀዳዳ አሳልፉት። ጭንቅላቷ በሮንዴላው የማታልፍ መሆኗን እዩ። ከዚያ ሽቦው ራቁቱን ወደ ታች፣ በድሮው መንገዱ ወደ ኋላ ይሄዳል።
6. ዘንጉን ወደ ፔዳሉ በኩል ትንሽ አዘንብሉት፣ ካቴናው ትንሹ ጥርስ ላይ ይሁን። ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ ክንዱ ላይ ባለው ማጥበቂያ እሰሩት።

ዘንጉን ወደ መሪው ስትስቡ ይቀላል፣ ስትመልሱ ይከብዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሩብ ዙር እንኳን አይሞላም።

እኔ የወደቅኩበት ስህተት

ኤል የሚለውን ብሎን ሳላየው ነው የወጣሁት። ይህ ብሎን ክንዱ ወደ ጎማው በኩል ከመጠን በላይ እንዳይሄድ ያግደዋል። ቀጭ የሚል ነገር የለማ፣ ዳገት ላይ ዘንጉን አብዝቼ ስስበው ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ራጁ ውስጥ ገባ። ጎማው ቀጥ አለ፣ እኔ መሬት። ጉልበቴ ቆስሎ ዘግይቼ ደረስኩ፣ የግማሽ ቀን ሂሳቤም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ። ገና ሳትነዱ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻ ሳቡት። ክንዱ ልክ ትልቁ ጥርስ ሥር እንዲቆምና ከዚያ እንዳያልፍ ኤልን ወደ ቀኝ አጥብቁ።

ሲነዳም ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ እየረገጡ ነው። ካቴናው ከተንጫጫ ዘንጉን በትንሹ ነካ አድርጉት፣ ዝም ይላል። በሳምንት አንዴ ደግሞ ሽቦውን ዘንጉ ጋ የሚታጠፍበትን እዩ። አንድ ክር እንኳን ከተበጠሰ ቀይሩት።

ፍሬን ላይ ግን በጭራሽ!

ማርሽ ቢበላሽ ትወርዳላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ አለቀ። ፍሬን ቢበላሽ ግን የአሽራፊዬ ቁልቁለት አይምርም። የፍሬን ሽቦ ሲበጠስ በቋጠሮም በእንጨትም አትሞክሩ፤ አዲስ ግዙና ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ማርሹ ላይ ያተረፋችሁትን እዚያ ላይ አውጡት።

ያ ዘንግ አሁን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። እናንተም ሞክሩት፣ እሁድ ስትገናኙ ለሌላዋ አሳዩአት። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።