የግብር ገደብ ከሕግ አውጪው በላይ፦ የዳግላስ ብሩስ የፖለቲካ ሕይወት እና የኮሎራዶ ተሞክሮ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት የበጀት ታሪክ የዳግላስ ብሩስን ያህል ጥልቅ አሻራ የተዉ ፖለቲከኞች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ብሩስ በግዛቱ ምክር ቤት የቆዩት አንድ ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ብቻ ነበር። ይህ ጽሑፍ የፖለቲካ ሕይወታቸውን መነሻ በማድረግ፣ የግብር ገደብ ጉልበት የሚመነጨው ከአቀንቃኙ ሥልጣን ሳይሆን ገደቡ ከተቀመጠበት የሕግ እርከን እና ከስሌቱ መነሻ መሆኑን ያስረዳል።

ብሩስ በሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ያገለገሉ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተዛወሩ። የግዛቱ ሕግ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ብሩስ በዚህ መንገድ በ1988 እና በ1990 ያቀረቧቸው ሐሳቦች ውድቅ ሆኑ፤ ሦስተኛው፣ «የግብር ከፋዮች የመብት ሰነድ» የተባለው፣ በ1992 ጸደቀ።

ሰነዱ በግዛቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ክፍል 20 ሆኖ ተካተተ። ሁለት ዐበይት ድንጋጌዎች አሉት። አንደኛ፣ አዲስ ግብር ለመጣልም ሆነ የነባሩን መጣኔ ከፍ ለማድረግ የመራጮች ይሁንታ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የግዛቱ ገቢ ዓመታዊ ዕድገት ከዋጋ ግሽበትና ከሕዝብ ቁጥር ዕድገት ድምር እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ትርፉ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል።

የድንጋጌው ብርቱ ውጤት የታየው በኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ወቅት ነው። ገቢ ከጣሪያው በታች ሲወርድ የሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ የሚሰላው ከወረደው ገቢ ተነሥቶ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ 100 የነበረው ገቢ ወደ 90 ቢወርድና የተፈቀደው ዕድገት 4 በመቶ ቢሆን፣ አዲሱ ጣሪያ 93.6 ይሆናል። ስለዚህ ኢኮኖሚው ቢያገግም እንኳ መንግሥት የቀድሞውን የወጪ ደረጃ መልሶ ለመያዝ ይቸገራል። ከ2001 የኢኮኖሚ ድቀት በኋላ ችግሩ ጎልቶ በመውጣቱ፣ መራጮች በ2005 ገደቡን ለአምስት ዓመታት አነሡ፤ ከዚያ በኋላም የግዛቱ ጣሪያ ከገቢ ጋር አብሮ እንዳይወርድ ስሌቱን ለወጡ።

ብሩስ ራሳቸው የኤል ፓሶ አውራጃ ኮሚሽነር ከሆኑ በኋላ፣ በጥር 2008 በተጓደለ ወንበር ተተክተው የግዛቱን የተወካዮች ምክር ቤት ተቀላቀሉ። ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ በእግራቸው በመምታታቸው ምክር ቤቱ በ62 ለ1 ድምፅ ገሠጻቸው። በዚያው ዓመት በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። በ2010 ለሕዝብ ድምፅ የቀረቡትና እርሳቸው የደገፏቸው ሦስት ተጨማሪ የግብርና የብድር ገደቦችም አልጸደቁም። በ2011 ደግሞ በግብር ማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ።

የአቀንቃኙ ተሰሚነት ቢያከትምም ገደቡ ጸንቷል፤ ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥታዊ ድንጋጌን በተራ ዐዋጅ ሊሽር አይችልምና። ደጋፊዎች ይህን ሕዝቡ በገንዘቡ ላይ ያለው የመጨረሻ ቃል አድርገው ያዩታል። ተቺዎች በአንጻሩ ተመራጮች ለአገልግሎት ጥራት ተጠያቂ ሆነው ሳለ የገቢውን መሣሪያ መነጠቃቸውን ያነሣሉ። የ2005ቱ ማሻሻያ ግን አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ በሕዝብ ድምፅ የታሰረውን የፈታው ያው የሕዝብ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለውን ገደብ የሚያጠና ተመራማሪም ከጣሪያው ከፍታ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፦ ስሌቱ ከየት ይነሣል? ስሕተቱንስ ማን ማረም ይችላል?