አምስት ዋትና አንድ ጡሩምባ

ከሚዛን ተፈሪ ተነስቶ በሸኮ በኩል ቴፒ እስኪገባ ድረስ፣ መንገደኛው በየከተማው የሚያገኘው አንድ ዕቃ አለ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ጋር ታስሯል፤ በመስጊድ ሚናራ ላይ ወደየአቅጣጫው ዞሯል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ማስታወቂያ በሚለፍፍ ፒካፕ ጣሪያ ላይ ሆኖ ይዞራል። ግራጫ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ። ገሚሱ ሞንታርቦ ይለዋል፣ ገሚሱ ማይክ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይማረርበታል፤ ሙዚቃ አዋቂ ነኝ ባይም ይንቀዋል። እኔ ግን ጠበቃው ነኝ። የሚነቀፍበት ጉድለት የአሠራሩ ሳይሆን የመጠኑና የአያያዙ ነው። በልኩ የተሠራ ጡሩምባ በአምስት ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለመስጠት ተራው የቤት ስፒከር ሦስት መቶ ዋት ገደማ ይፈልጋል።

ይህን ለመረዳት የእድሩ ጡሩምባ ይበቃል። ንጋት ላይ እየዞረ ሞት የሚለፍፈው ሰው ባትሪ የለውም። ከንፈሩን ብቻውን ቢያንቀጠቅጠው አጠገቡ ያለ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማውም፤ ያው ከንፈር ጡሩምባው ላይ ሲያርፍ ግን መንደሩ ይነቃል። በቤተ መንግሥት ከነጋሪት ጋር ይነፋ የነበረው መለከትም፣ በቤኒሻንጉል በርታዎች ቅል ከቅል እየቀጠሉ የሚሠሩት ዋዛም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ልዩነቱ እነዚህ የሙዚቃ መሣሪያዎች መሆናቸው ነው፤ የተወሰኑ ቃናዎችን መርጠው እንዲያስተጋቡ ይፈለጋል። ከድምፅ ማጉያ ጡሩምባ የሚጠበቀው ተቃራኒው ነው፤ ሁሉንም ቃና እኩል ማሳለፍ አለበት፣ የራሱን ጠባይ መጨመር የለበትም። ሥራውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአየር ቀላልነት ነው። ስፒከር ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ሽፋን ከአየሩ ይልቅ እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ሲገፋው አየሩ ዞር ይልለታል፤ ጉልበቱ የሚያርፍበት ያጣል። ስለዚህ የተለመደው የቤት ስፒከር ከሚደርሰው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ሽቦውን አሙቆ ያልፋል። ጡሩምባው በሽፋኑና በአየሩ መካከል የሚገባ የጋብቻ ሽማግሌ ነው። ጉሮሮው ላይ ያለው ጥቂት አየር ማምለጫ ስለሌለው ሽፋኑን ይቋቋመዋል፤ ግፊቱ ከፍ ይላል። ቱቦው እየሰፋ ሲሄድ ያ ግፊት ቀስ በቀስ በሰፊው አፍ ላይ ወደሚንቀሳቀስ ብዙ አየር ይለወጣል። በዚህ መንገድ ከመቶ ሃያ እጅና ከዚያም በላይ ማግኘት ይቻላል። ተራ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያወጣው፣ በክፍል ማዕዘን የሚቀመጠው ጡሩምባ ደግሞ በአምራቹ ልኬት 105 ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው 18 ዴሲቤል በዋት ሲተመን ከስድሳ እጥፍ ይበልጣል።

ጡሩምባ የተፈለገው ዋት ውድ በነበረበት ዘመን ነው። ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ኦዲዮን የተባለውን ቫልቭ ከሠራ በኋላ ደካማ ምልክትን ማጉላት ተቻለ፤ የሚገኘው ጉልበት ግን ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው 300ቢ ቫልቭ እንኳ ብቻውን ሲሠራ 8 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። የሲኒማ አዳራሾች በጥቂት ዋት ይሞሉ የነበሩት ከመጋረጃው ጀርባ ትልልቅ ጡሩምባ ስለነበረ ነው። የእኛው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምርም ዓለም ሁሉ በቫልቭ ላይ ነበር። ኋላ ትራንዚስተር መጣና ዋት ረከሰ፤ ጡሩምባም ከሳሎን ወጥቶ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ሙሉ በሙሉ ግን አልተረሳም። በጃፓን ታተያማ ከተማ ምግብ ቤት የነበራቸው ሱሱሙ ሳኩማ በእጃቸው የሠሯቸውን የቫልቭ ማጉያዎች ለተመጋቢው ያሰሙ ነበር፤ በፈረንሳይም ዣን ሂራጋ ስለ ጃፓኖቹ አሠራር በመጻፍ ብዙ ተከታይ አፍርቷል።

ወደ መጠኑ እንመለስ። ጡሩምባ እስከ የትኛው ወፍራም ድምፅ እንደሚወርድ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአፉ ስፋትና የአከፋፈቱ ፍጥነት። የአፉ ዙሪያ ሊያሰማ የሚፈለገውን ድምፅ የአንድ ሞገድ ርዝመት ያህል መሆን አለበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የ100 ሄርዝ ሞገድ 3 ሜትር ከ43 ነው፤ ስለዚህ አፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 109 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጉሮሮው 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የቱቦው ወለል ስፋት በየ19 ሴንቲ ሜትሩ እጥፍ እየሆነ ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ይጠይቃል። ይህን ማን ምሰሶ ላይ ይሰቅላል? የመንገዱ ጡሩምባ አፉ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቱቦውም ቦታ ለመቆጠብ ወደ ውስጡ ታጥፏል። ስለዚህ ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን አብዛኛውን ይተወዋል። የወንድ ድምፅ መሠረት ከ100 እስከ 150 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ በመንገዱ ጡሩምባ የሚሰማ ቅዳሴ የሚቀጥነውና የከበሮው ምት ተሰምቶ ሆዱ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮ የሚቆርጠው ሻካራነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጡሩምባው ጥፋት አይደለም። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ የሚመጣ ነው፤ ቁልፉን ትንሽ መለስ ማድረግ ይፈውሰዋል።

ለቤት የሚሠራ ሰው ከ400 ሄርዝ ቢጀምር ይሻለዋል። ስሌቱ እጅግ ይቀላል፤ ስፋቱ በየ4.7 ሴንቲ ሜትር እጥፍ ይሆናል፣ አፉ 27፣ ርዝመቱ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከዚያ በታች ያለውን ለትልቅ የወረቀት ስፒከር መተው ነው። ለዚህ የሚሆን እንጨት በቡናው አገር አይታጣም፤ በቡና ጥላነት የሚታወቀው ዋንዛ ለማንኛውም አናጢ እጅ የለመደ ነው። ጎኖቹ መጉበጥ ስላለባቸው ስስ ኮምፔርሳቶ በዋንዛ ክፈፍ ላይ ማጣበቅ ይቀላል። ወረቀት በሙጫ እየደራረቡ በሻጋታ ላይ መሥራትም ይቻላል፤ ጣት ሲመታው የሚጮህ ከሆነ ግን ገና ስስ ነው፣ ይደረብበት። በገጠር ሊሠራ የማይችለው ክፍል ከኋላ የሚገባው፣ የሚንቀጠቀጠውን ሽፋን የያዘው ዩኒት ነው፤ እሱ ይገዛል፣ ወይም ቱቦው ከተሰበረ የመንገድ ጡሩምባ ይፈታል።

ማጉያው በኢኤል84 ቫልቭ ቢሠራ አምስት ዋት ይሰጣል። ክሩ በ6.3 ቮልት ይግላል፤ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ 250 ቮልት ያለበት አኖድ ይስበዋል፤ በመካከላቸው ያለው ግሪድ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ምልክት ፍሰቱን ያበዛል፣ ያሳንሳል። ይህ 250 ቮልት ይገድላል። ኮንደንሰሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉና፣ በሬዚስተር ባዶ ሳያደርጉና በቴስተር ሳያረጋግጡ እጅ ማስገባት አይገባም። የመጀመሪያው ማብራትም 100 ዋት አምፖል በተከታታይ ገብቶ ይሁን፤ ውስጥ አጭር ዙር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይናገራል፣ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል።

ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ካቶዱ ላይ 135 ኦም ሬዚስተር አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ 7.2 ቮልት ከተነበበ 53 ሚሊ አምፒር እያለፈ ነው፣ ቫልቩ በልኩ ይሠራል። የውጤት ትራንስፎርመሩ 5200 ኦምን ወደ 8 ኦም የሚያወርድ ከሆነ ጥምጥሙ 25 ለ1 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ገና ሳይገጠም ከክር ማሞቂያው 6.3 ቮልት ወስዶ ለመጀመሪያው ጥምጥም መስጠትና በሁለተኛው በኩል ሩብ ቮልት ማየት ነው። ጉልበቱን ለመለካት በስፒከሩ ፈንታ 8 ኦም ወፍራም ሬዚስተር ይገባል፤ ያለ ጭነት ድምፅ መስጠት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ከስልክ 200 ሄርዝ ድምፅ ይሰጥ፤ ርካሽ ቴስተር ከጥቂት መቶ ሄርዝ በላይ ይሳሳታል። አምስት ዋት ላይ ንባቡ እንደገና 6.3 ቮልት ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ለማስታወስ ይመቻል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጉምጉምታ ነው። ተራ ስፒከር የሚሸፍነውን ጉምጉምታ ጡሩምባ አጉልቶ ያወጣዋል። ሠሪው ሙዚቃውን ዘግቶ ጆሮውን ዝቅተኛውን ድምፅ ወደሚያወጣው የወረቀት ስፒከር ሲያስጠጋ 100 ሄርዝ ከሰማ የኃይል ማጣሪያው አልበቃም፤ 50 ሄርዝ ከሆነ ሽቦ ከትራንስፎርመር አጠገብ አልፏል ወይም መሬቱ ሁለት ቦታ ታስሯል። ጡሩምባው ራሱ የሚፈተነው ሜዳ ላይ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ንባቡ 6 ዴሲቤል መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ከግድግዳ የሚመለስ ድምፅ አብሮ እየተለካ ነው። ከዚያ በኋላ ለጆሮ ፈተና አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች አንዱን እመርጣለሁ። ሳክስፎንና ትራምፔት በጡሩምባ ሲወጡ ተጫዋቹ ክፍሉ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ በዚህ እንከራከርም።

የአገሩ አየር የራሱ ጣጣ አለው። ሚዛንና ቴፒ ዝናባቸው ብዙ፣ እርጥበታቸው የማይለቅ ነው። ያልተቀባ ኮምፔርሳቶ ያብጣል፤ በእጅ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ወረቀቱ ውኃ ይጠጣል። መብራቱ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የክሩ 6.3 ቮልት ወደ 5.2 ይወርዳል፤ ቫልቭ ከመቶ አሥር እጅ በላይ መጉደልን አይወድም፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ለእርጥበቱ መድኃኒቱ እዚያው አለ። የጫካው ማር አገር ሰም አያጣም፤ የድሮ የሬዲዮ ጥምጥሞችም በንብ ሰም ይነከሩ ነበር። ሰሙ በሌላ ዕቃ ውስጥ ባለ የፈላ ውኃ ላይ ይቅለጥ፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ ጥምጥሙም የአየር አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ይቆይ። ይህ ግን ለውጤት ትራንስፎርመሩ ብቻ ነው። የንብ ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ብዙ የሚግለው የኃይል ትራንስፎርመር በቫርኒሽ ቢነከር ይሻላል።