አፉን እስኪፈታ አትጠብቁ

ውሃ የጠማው የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ጣቱን ወደ ጆጉ ይቀስርና ዞሮ እናቱን ያያታል፤ ማየቷን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ሌላው እኩያው ደግሞ ቀና ብሎ ሳያያት እጇን ይዞ ይጎትታትና መዳፏን ጆጉ ላይ ያሳርፋል። ሁለቱም ገና አፋቸውን አልፈቱም። ወላጅን የሚያስጨንቀው ግን ብዙ ጊዜ ንግግሩ ብቻ ነው፤ ጎረቤትም «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያለ ያጽናናል። በዚህ ማጽናኛ ስንት ልጅ እርዳታ ሳያገኝ ዓመታት እንዳለፉት ሳስብ ያንገበግበኛል።

ልጅ ከመናገሩ በፊት ጣት ቀስሮ ማሳየትን፣ ዐይን ለዐይን መተያየትን፣ እናቱ ወደምታየው ነገር አብሮ ማየትን ይማራል። ኦቲዝም ቀድሞ ከሚነካቸው ነገሮች ዋነኞቹም እነዚህ ናቸው። በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ የወደደውን ነገር ጣቱን ቀስሮ የማያሳይ፣ በ2 ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል የማያጣምር ልጅ መታየት አለበት። እጁን ደጋግሞ ማርገብገብ፣ የመኪናውን ጎማ ብቻ ሲያሽከረክር መዋል፣ የለመደው መንገድ ሲቀየር ክፉኛ መረበሽም አብረው ይታያሉ። አንዱ ምልክት ብቻውን ኦቲዝም አለበት አያሰኝም። ስሙ ሲጠራ የማይዞረው ልጅ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከሌላ ክፍል ሮጦ ሊመጣ ይችላል፤ ያም ሆኖ የጆሮ ምርመራ ሊቀር አይገባም።

በድሮ የሕክምና ወረቀት ላይ «ዘርፈ ብዙ የዕድገት መዛባት» የሚል ስያሜ ያገኘ ወላጅ ግራ ሊጋባ ይችላል። ኦቲዝምን፣ አስፐርገርና ሬት የሚባሉትን የዕድገት መዛባቶችና መሰሎቻቸውን የሚጠቀልል ስም ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አብዛኞቹን «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ስም ሰበሰባቸው። በብዛት ሴት ልጆችን የሚያጠቃው ሬት ግን መንስኤው የታወቀ የዘረመል ለውጥ ስለሆነ ለብቻው ወጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። መንስኤው አንድ አይደለም፤ ዘረመል ትልቅ ድርሻ አለው። እናትን መውቀስ ግን እዚህም እዚያም የቆየ በደል ነው። እኛ ዘንድ እርግማን ወይም ልክፍት ይባላል፤ በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ለዓመታት «ፍቅር የነፈጉ እናቶች ያመጡት ነው» ሲሉ የኖሩ ሐኪሞች ነበሩ። ሁለቱም ሐሰት ነው። ክትባት ያመጣዋል የሚለውም እንዲሁ፤ ወሬውን ያስነሳው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ በ2010 እ.ኤ.አ. ካወጣው መጽሔት ተሰርዟል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲያሳድጉ ያዩት ችግር ነው ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እንዲከፍቱ ያደረጋቸው። ልጅን ከጓዳ አውጥቶ ሰው ፊት ማቆም ድፍረት በሚጠይቅበት ጊዜ በአደባባይ የተናገሩ እናት ነበሩ። ዛሬም ማዕከሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ ከልጁ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ እሱ በያዘው መጫወቻ አብሮ መጫወት፣ በአጭር ቃል መናገር፣ ጆጉን ሲያሳይ «ውሃ» ብሎ ትንሽ መጠበቅ። ጠበል የሚወስድም ቤተሰብ ይህን ጎን ለጎን ማድረግ ይችላል።

ወደ ሕፃናት ሐኪም ስትሄዱ ልጁ ቤት ሲጫወትና ስሙ ሲጠራ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ውሰዱ፤ በማያውቀው ክፍል ውስጥ በጥቂት ደቂቃ የማይታይ ብዙ ነገር አለ። ይናገር የነበረ ልጅ ቃላቱን ካጣ ግን የሚቀጥለውን የክትባት ቀጠሮ እንኳ አትጠብቁ።