የግሸን ማርያም ጉዞና በተሽከርካሪ የሚደርስ ጉዳት

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ በግሸን አምባ ላይ የሚከበረው በዓል ከመላው አገሪቱ እጅግ ብዙ ምእመናንን ይሰበስባል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚታመነው ግማደ መስቀሉ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ያረፈው በዚሁ አምባ ነው። ቀድሞ ተሳላሚው ስንቁን ቋጥሮ ለቀናት በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙው በአውቶቡስ፣ በሚኒባስና በአይሱዙ ይመጣል። የጉዞው መልክ ሲለወጥ ሕዝቡን የሚጎዳውም ነገር አብሮ ተለውጧል። ለበዓሉ የሚሰማሩ የጤና ቡድኖች ስለ ተቅማጥና ስለ ወባ በሚገባ ይዘጋጃሉ፤ ለመንገዱ የሚደረገው ዝግጅት ግን በጸሐፊው አስተያየት ያንኑ ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው የሚነሣ ተጓዥ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አምባሰል ያቀናል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች መሞታቸው ይታወሳል፤ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በመስከረም ደግሞ ክረምቱ ገና በመውጣት ላይ በመሆኑ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጅረቶችም አልጎደሉም። ቀን በፀሐይ የሚነደው ተራራ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ሳቢያም መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ስለ ቆዩ፣ ሕሙማን የሚላኩበት መስመር ከመነሣት በፊት መጣራት አለበት።

በቅድሚያ ስለ ቡድኑ ተሽከርካሪ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ስለዚህ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ማስገባት ይገባል። እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የሚፈስ ውኃ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ሊወስድ ይችላልና ጥልቀቱ ያልታወቀ ጅረት አይደፈርም። በአምቡላንሱ ውስጥ ያልታሰረ የኦክስጅን ሲሊንደር መኪናው ሲገለበጥ ሰው የሚገድል ዕቃ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ሾፌሩ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሾፌር በማግሥቱ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚወርድበት መንገድ መሪ እንዲይዝ መፍቀድ፣ ምንም እንኳ እምነቱ የሚከበር ቢሆን፣ የቡድን መሪው ጥፋት ነው።

አደጋ በሚደርስበት ቦታ ሰው አይታጣም፤ የሚታጣው የሚያዛቸው ሰው ነው። ሕዝቡ በቅንነት ተጎጂውን እጅና እግሩን ይዞ ጎትቶ ለማውጣት ይሻማል። ባለሙያው በቅድሚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጎትቶ ማውጣቱን ማስቆም፣ ከዚያም ጠንካሮቹን መርጦ አንዱ ጭንቅላትን ይዞ ሌሎቹ አካልን በአንድነት እንዲያገላብጡ ማድረግ አለበት።

የሚፈስ ደም በቀጥታ ተጭኖ ይያዛል። የእጅ ወይም የእግር መድማት በዚህ ካልቆመ፣ ማሰሪያ በሌለበት የደም ግፊት መለኪያውን ከቁስሉ በላይ ጠምጥሞ ደሙ እስኪቆም መንፋትና ሰዓቱን መጻፍ ይቻላል፤ አየሩ እንዳይተነፍስ ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። የዳሌ አጥንት ስብራት ሲጠረጠር የተጣጠፈ ነጠላ ጥሩ ማሰሪያ ነው። የሚታሰረውም በወገብ ላይ ሳይሆን ግሬተር ትሮካንተር በሚባሉት የጭን አጥንት ጉብታዎች ትክክል ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የታሰረ ነጠላ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ደም በብዛት ለፈሰሰው አዋቂ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል፤ ቀጥሎም 1 ግራም በ8 ሰዓት። ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሰዓት ካለፈ ግን ሊጎዳ ስለሚችል መጀመር አይገባም። ከለጋምቦ ደጋ እስከ ደሴ ያለውን ርቀት ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ መገኘት ያለበት በሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ነው።

ብርድ የደምን መርጋት ያዳክማል። ስለዚህ እርጥቡ ልብስ ወልቆ ተጎጂው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም በጋቢ መጠቅለል አለበት፤ ከመሬቱ የሚመጣው ብርድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በወጣ ገባ መንገድ ላይ የተሰበረ አጥንት እያንዳንዱን ጉድጓድ ስለሚቆጥር፣ አጥንቱን መደገፍና ማስታገሻ መስጠት ከመጫን በፊት የሚፈጸም ሥራ ነው። ኬታሚን በኪሎ ግራም ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ቢሰጥ፣ የደም ግፊቱ ለወረደ ሰው ከሞርፊን ይልቅ የተሻለ ነው።

ከበዓሉ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። በብርዱ ተጠጋግቶና ልብስ ተጋርቶ የሚያድር ሕዝብ ቅማል ይጋራል፤ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳትም ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 14 ቀን ቆይቶ፣ ማለትም ሰው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ በመካነ ሰላም በትኩሳት የሚመጣን ሕመምተኛ ግሸን ደርሶ እንደ ሆነ መጠየቅ፣ የደም ጠብታውም ለወባ ሲታይ ቦሬሊያም አብሮ እንዲፈለግ ላቦራቶሪውን ማሳሰብ ያስፈልጋል።