ጀማሪ ኳርተርባክ ቤንች ላይ ቢቆይ ይሻለዋል?

በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ጀማሪው ሲቸገር «ቁጭ ብሎ ይማር» የሚሉት ፓትሪክ ማሆምስን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ በ2017 ለአሌክስ ስሚዝ ተጠባባቂ ሆኖ አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ፤ በቀጣዩ ሲዝን የወረወራቸው 50 ኳሶች ተችዳውን ሆነው የሊጉ ኮከብ ተባለ።

አሪፍ። ፔይተን ማኒንግስ? በ1998 ጀማሪ እያለ 16ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ 28 ኳስ አስነጠቀ። ማንም አላስቀመጠውም፤ በኋላ 5 ጊዜ ኮከብ ሆነ።

ልዩነቱ ከፊት ያለው መከላከያ ነው ባይ ነኝ። ማኒንግ ያን ዓመት ኳሱን ሳይለቅ የተጣለው 22 ጊዜ ነው። የ2023ቱ አንደኛ ምርጫ ብራይስ ያንግ ግን 62 ጊዜ! እንዲህ እየወደቀ ማን ይማራል? በ2024 ካሮላይና ፓንተርስ ከ2 ጨዋታ በኋላ ቤንች አስቀመጠው። ሲመለስ ተሻሽሎ መጣ፤ ክለቡ ግን ያን ዓመት ከፊቱ የሚቆሙ ሁለት አዳዲስ ጋርዶችም አስፈርሞለት ነበር።