ክሊክ ሁሉ ገበያ አይደለም፦ ስለ ጎግል ማስታወቂያ የሚባለውና እውነታው

«ጎግል ላይ ከላይ የሚወጣው ገንዘብ ያለው ነው» ይባላል። አባባሉ ከሜዳ አልተነሣም፤ በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢል ግሮስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሥራ ፈጣሪ ያስጀመረው ጎቱ ዶት ኮም የፍለጋ ውጤቶቹን በጨረታ ይሸጥ ነበር። ለአንድ ቃል ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ነጋዴ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል፤ የሚከፍለውም ሰው ማስታወቂያውን ሲጫንለት ብቻ ነው። በአንድ ክሊክ ስንት እንደሚከፍል እንኳ ከውጤቱ ጎን ተጽፎ ለማንም ይታይ ነበር።

ጎግል በ2000 በ350 ደንበኞች የጀመረው አድወርድስ (ከ2018 ወዲህ ጎግል አድስ) መጀመሪያ የሚያስከፍለው በክሊክ ሳይሆን ማስታወቂያው በታየበት መጠን ነበር። በ2002 ወደ ክሊክ ክፍያ ሲዞር ግን ጨረታው ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ማስታወቂያውን ሰው የመጫን ዕድሉ ምን ያህል ነው? ዛሬ ከዚህ በተጨማሪ ማስታወቂያው ከተፈለገው ነገር ጋር መግጠሙና ሰውየው ተጭኖ የሚደርስበት ገጽ ጥራት ይመዘናሉ።

ስሌቱን በጣም አቃልለን እንየው። አንዱ ነጋዴ ለክሊክ 4 ዶላር ያቀርባል፤ የማስታወቂያው ጥራት 4 ነው እንበል። ሲባዛ 16። ሌላው 2.50 ዶላር ብቻ ቢያቀርብም ጥራቱ 8 ስለሆነ 20 ያገኛል፤ ከላይ የሚወጣውም እሱ ነው። የሚከፍለው ደግሞ ያቀረበውን 2.50 ሳይሆን ከበታቹ ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን፣ ማለትም ከ2 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። እውነተኛው ጨረታ የፈላጊውን ቦታ፣ ስልክና ሰዓት ሁሉ ስለሚያስገባ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ትንሹ ነጋዴ ትልቁን የሚቀድምበት በር ግን እዚሁ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛው እምነት የበለጠ ኪስ ያራቁታል፦ «ክሊክ ከበዛ ገበያ በዛ ማለት ነው።»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እናስብ። ለሠርግና ለምርቃት ድግስ ምግብ ያዘጋጃል፤ ምሳም ይሸጣል። አንድ የድግስ ትእዛዝ 600 ዶላር ቢያስገባና የእህሉ፣ የሥጋው፣ የሠራተኛውና የማድረሻው ወጪ ሲቀነስ 180 ዶላር ቢተርፈው፣ በ3 ዶላር ሂሳብ 100 ክሊክ ሲገዛ 300 ዶላር ያወጣል። ከመቶው ሦስቱ ካዘዙ 540 ዶላር አገኘ፤ ማስታወቂያውን ከፍሎ 240 ይተርፈዋል። ያዘዘው አንድ ብቻ ከሆነ ግን 120 ዶላር ከሰረ። በሁለቱም ጊዜ የክሊኩ ብዛት ያው መቶ ነው።

ያው ምግብ ቤት በዚያው ዋጋ የምሳ ማስታወቂያ ቢያወጣስ? ከአንድ ሳህን 6 ዶላር የሚተርፈው ከሆነ፣ ማስታወቂያውን ከተጫኑት ሁለት ሰዎች አንዱ መጥቶ ካልበላ ወጪውን እንኳ አይመልስም። ደንበኛው ለምዶ ደጋግሞ እስካልመጣ ድረስ ይህ የሚያዋጣ አይደለም። ወጥ ቤቱ አንድ፣ እጁም አንድ፤ አንዱ ሥራ ማስታወቂያውን ይሸከማል፣ ሌላው አይችልም። ለአንድ ክሊክ እስከ ስንት መክፈል እንደሚቻልም የሚነግረው ይኸው ሂሳብ ነው፦ ከመቶ ሦስት የሚያዝዝ ከሆነና አንዱ ትእዛዝ 180 የሚያተርፍ ከሆነ ጣሪያው 5.40 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቅ ጨረታ ውስጥ የሚገባ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ያሳዝናል።

«ቃሉን ከመረጥኩ በኋላ የቀረውን ማሽኑ ያውቃል» የሚለውም መታየት አለበት። ጎግል አንድን ቁልፍ ቃል ካልተነገረው በስተቀር የሚወስደው በሰፊው ትርጉሙ ነው። ባለቤቱ «የኢትዮጵያ ምግብ» ብሎ ቢያስገባ፣ ሰዎች በትክክል የጻፉትን የሚያሳየውን የፍለጋ ቃላት ዘገባ ሲከፍት የዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልግ፣ የአስተናጋጅነት ሥራ የሚያጠያይቅ፣ የእንጀራን ካሎሪ የሚያሰላ ሰው ሊያገኝ ይችላል። እያንዳንዳቸው 3 ዶላር በልተዋል። መፍትሔው ማገጃ ቃላትን ማስገባት ነው፦ በእንግሊዝኛ «ሪሲፒ»፣ «ጆብ»፣ «ካሎሪስ» የሚሉትን። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፏት ነገር አለች፤ «ጆብ»ን ያገደ ሰው «ጆብስ»ን አላገደም። ነጠላውም ብዙውም ለየብቻ መግባት አለበት።

የአካባቢ ምርጫውም እንዲሁ ነው። ሳይነካ ከተተወ ማስታወቂያው ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢው ፍላጎት ላሳዩት ሁሉ ይወጣል፤ ሲያትል ቁጭ ያለ ሰውም ሊጫነው ይችላል። ማሽኑ ዋጋ እንዲያወጣ ሲፈቀድለት ደግሞ የሚማረው ከተነገረው ነው። «ገጹን ማየት ውጤት ነው» ከተባለ ገጽ የሚያዩ ሰዎችን ያመጣል፤ የሚያዝዙትን አይደለም።

«የቀን በጀቴ 20 ዶላር ነው፣ ከዚያ አያልፍም» የሚሉም አሉ። በአንድ ቀን እስከ እጥፉ፣ 40 ዶላር ድረስ ሊሄድ ይችላል። የሚጠበቀው የወሩ ጣሪያ ነው፤ 20 በ30.4 ተባዝቶ 608 ዶላር።

«ተፎካካሪ እየተጫነ ይጨርሰኛል» የሚለው ፍርሃት ከነገሩ በላይ ገዝፏል እንጂ መሠረት የለውም አይባልም። አርካንሶ ውስጥ ያለ ሌንስ ጊፍትስ የተባለ የስጦታ ዕቃ መደብር በሐሰተኛ ክሊክ ምክንያት ከሶ፣ ጎግል በ2006 እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ጉዳዩን ዘግቷል። አሁን ኩባንያው ሐሰተኛ ናቸው ያላቸውን ክሊኮች አጣርቶ አያስከፍልም፤ ያመለጡትም ከተገኙ ገንዘቡ ይመለሳል። «ማስታወቂያ የከፈለ በነፃው ውጤትም ከፍ ይላል» የሚለው ግን ጭራሽ ሐሰት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው በኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ ላይ የታየው ነው። በ2012 ኩባንያው በገዛ ስሙ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ያሁና ማይክሮሶፍት ላይ አቆመ። ከማስታወቂያው ይመጣ የነበረው ጎብኚ 99.5 በመቶው ሳይቀር በነፃው ውጤት በኩል ገባ። ቀጥሎ በዕጣ በተለዩ የአሜሪካ አካባቢዎች ሌሎቹን የጎግል ማስታወቂያዎችም አጠፋ፤ በሽያጩ ላይ የታየው ለውጥ ኢምንት ነበር። የሙከራው ጥናት በ2015 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ሲታተም ግን ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሌላም ነገር ይዟል፦ ኢቤይን በማያውቁና አልፎ አልፎ ብቻ በሚገዙ ሰዎች ላይ ማስታወቂያው ሠርቷል። ስለዚህ ጥናቱ «ማስታወቂያ ከንቱ ነው» አይልም። ማንም ለማያውቀው ትንሽ ቤት እንዲያውም የምሥራች ነው፤ ገንዘቡ መፍሰስ ያለበት ቤቱን ገና ወደማያውቀው ሰው እንጂ በስሙ ጠርቶ ወደሚፈልገው ደንበኛ አይደለም። ተፎካካሪ በዚያው ስም ጨረታ ከገባ ብቻ ነገሩ እንደገና ይታሰብ።

በመጨረሻ፣ አካውንቱ ውስጥ እስከ መቶ በመቶ የሚደርስ የማሻሻያ ነጥብ አለ። ነጥቡ ዝቅ ሲል ነጋዴው ይደነግጥና በጀት ጨምር፣ ቃላት አስፋ የሚለውን ምክር ሁሉ ይቀበላል። የነጥቡ ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ ምክሩን ውድቅ ማድረግም ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል። ትርፍን አይለካም። ትርፉን ማወቅ የፈለገ የራሱን የትእዛዝ ደብተር ያውጣ፤ የሚደውለውን ደንበኛ ሁሉ «በምን አገኙን?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን እዚያው ይመዝግብ።