በረጅም ጉዞ ላይ የተሽከርካሪ ሁለተኛ ባትሪ ኃይል አልሞላ ሲል ሊደረግ የሚገባ ፍተሻ

ከከተማ ርቀው በሚሠሩ የጉብኝትና የመስክ ሥራ ተሽከርካሪዎች ላይ ከሞተር ማስነሻው ባትሪ በተጨማሪ ሁለተኛ ባትሪ ይገጠማል። ይህ ባትሪ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የምግብ ወይም የመድኃኒት ማቀዝቀዣን፣ መብራትንና የመገናኛ መሣሪያን ያሠራል። ኃይል መሙላት ሲያቆም የሚደርሰው ጉዳት በመብራት መጥፋት ብቻ አይወሰንም። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለ መድኃኒት ሊበላሽ፣ ተጓዦችም ስልካቸው ጠፍቶ እርዳታ መጥራት ሊሳናቸው ይችላል።

ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቱ በዲናሞው፣ በገመዱ ወይም በፊውዙ ላይ ከሆነ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ይሆናል። ስለሆነም ከግዢ በፊት በቴስተር የሚከተለውን ፍተሻ በቅደም ተከተል ማካሄድ ይገባል። የተጠቀሱት መጠኖች ለ12 ቮልት የአሲድ ባትሪ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ለሊቲየም ባትሪ የአምራቹን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል።

1. ባትሪውን ሳይሠራ መለካት

ሞተሩና ዕቃዎቹ ሁሉ ጠፍተው ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መቅረቱን፣ ከ12 ቮልት በታች ደግሞ መሟጠጡን ያመለክታል። የተሟጠጠ ባትሪ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ይጎዳል።

2. ዲናሞውን መፈተሽ

ሞተሩ እየሠራ የማስነሻው ባትሪ ሲለካ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት አለበት። ከ13 ቮልት በታች ከሆነ የዲናሞው ቺንጋ መላላቱን ወይም መበጠሱን ማየት ያስፈልጋል። በብዙ ተሽከርካሪዎች ይኸው ቺንጋ የሞተሩን የውሃ ፓምፕ ስለሚያዞር፣ ተበጥሶ ከተገኘ ጉዞው መቆም አለበት። ከ15 ቮልት በላይ ከሆነ ባትሪው ከመጠን በላይ እየተሞላ ነው። ዲናሟቸው በኮምፒዩተር የሚመራ አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ግን ቮልቱን ሆን ብለው ዝቅ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ለሁለተኛው ባትሪ የተለየ ኃይል መሙያ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል።

3. በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለውን መስመር መፈተሽ

ሞተሩ ሳይጠፋ ሁለተኛው ባትሪ ይለካል። የመጀመሪያው 14.2 ቮልት እያሳየ ሁለተኛው 12.4 ላይ ከቀረ ኃይሉ እየደረሰው አይደለም። ፊውዙ፣ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌና ከተሽከርካሪው አካል ጋር የታሰረው ገመድ መታየት አለባቸው። በኮረኮንች መንገድ የባትሪ ማሰሪያዎች ይላላሉ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገትም ኃይል ያግዳል። ልዩነቱ አነስተኛ ሆኖ ባትሪው ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚቀር ከሆነ ገመዱ ቀጥኖ ወይም መገጣጠሚያው ላልቶ ሊሆን ይችላል።

4. የሚሞላውንና የሚወጣውን ማመዛዘን

ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ባዶ ከሆነ ፍጆታው ከሚሞላው በልጦ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 4 አምፔር የሚወስድ ማቀዝቀዣ የቀኑን ግማሽ ያህል ቢሠራ በ24 ሰዓት ውስጥ 48 አምፔር ሰዓት ይጠቀማል። ይህም የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ያህል ነው። የአሲድ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ ኃይል የሚቀበለው በዝግታ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት ጉዞ ይህን ሊተካ አይችልም። የፀሐይ ፓነል ያላቸው ተሽከርካሪዎች አቧራውን ማጽዳትና ከጥላ ውጪ መቆም ይጠበቅባቸዋል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በአቅራቢያው ሲጋራም ሆነ እሳት አይፈቀድም። ገመድ ሲፈታ የኔጋቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ ሲታሰርም በመጨረሻ ይታሰራል። የእጅ ጓንትና የዓይን መከላከያ መጠቀም ይገባል። አሲድ ቆዳን ወይም ዓይንን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ያበጠ፣ ከመጠን በላይ የሞቀ ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ባትሪ ሊሞላ አይገባም። እንደ አፋር ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ቶሎ ስለሚጎድል በየጊዜው መታየት አለበት፤ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው።

ጉድለቱ በመንገድ ላይ ካልተስተካከለ ማቀዝቀዣውን ከማስነሻው ባትሪ ጋር ማገናኘት አይመከርም፤ ተሽከርካሪው ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ያገለገለ ባትሪ እርሳስና አሲድ ስለያዘ ሜዳ ላይ መጣል የለበትም፤ ለሚረከቡ አካላት መሰጠት ይኖርበታል። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ይህን ፍተሻ የሚተካ ባለመሆኑ፣ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ከጉዞ በፊት ሁለቱንም ባትሪዎች እንዲያስፈትሹ ይመከራል።